የእሌኒ ሠላሳ ስምንት ካርዶች

እሌኒን ጨዋታውን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሞላሌ ውስጥ ማንም ስለማያነሳው ነው። እኔ ፈንታ፣ የሒሳብ መምህሩ፣ ካርዶቹን ከዩኒቨርሲቲ ይዤ ባልመጣ ኖሮ እሷ ዛሬም መዝገብ ቤቷ ተቀምጣ ፋይል ብቻ ስታገላብጥ ትውል ነበር።

ጨዋታው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች ራሱ መርጦ ያዋቀረውን አርባ ካርድ ይዞ ይቀርባል፤ ይህን ዴክ እንለዋለን። በየካርዱ ላይ አንድ ተዋጊ ወይም አውሬ ከነጉልበቱና ከነሥራው አለ። የተጋጣሚውን ሠራዊት የጨረሰ ያሸንፋል። ካርዱ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ይመጣል፤ ብርቱው ውድ ነው፣ ደካማው ከእርሳስ ይረክሳል። እኔ ውስጡ ምን እንዳለ የማይታወቀውን እሽግ እየገዛሁ ሁለት ዓመት ሙሉ ደመወዜን ጨረስኩ። ያተረፍኩት ሁለት ዘንዶ ነው። ግን እንዴት ያሉ ዘንዶዎች!

እሌኒ እሽግ ገዝታ አታውቅም። እኛ የጣልነውን ነው የለቀመችው። "ይኼን ትፈልገዋለህ?" እያለች ከሁላችንም ትሰበስባለች፤ የጎደላትን ደግሞ በስሙ ጠርታ ነጠላ ነጠላውን ታስመጣለች። አባቷ በዘመሮ በኩል ባለ አንድ በሬ ገበሬ ናቸው፤ ባለው ነገር መብቃቃትን ከሳቸው የወረሰች ይመስለኛል። የሃያ ዓመት ፋይል የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ ከወንበሯ ሳትነሳ ትናገራለች፤ ካርዱንም እንዲሁ። በስድስት ወር ውስጥ ታሸንፈኝ ጀመር። መጀመሪያ ሳቅሁ። በኋላ እርር ድብን አልኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ በእትዬ ጌታነሽ ሻይ ቤት ስንጫወት ሰው ሁሉ ከእሷ ጀርባ ይቆማል፤ ከእኔ ጀርባ ያለው ግድግዳ ብቻ ነው።

"ምነው ፊትህ ጠቆረ?" አለችኝ አንድ ቀን።

"ምንም አልሆንኩ።"

"ምቀኛ አታሳጣኝ ይባላል፤ እንግዲህ አንተን አያሳጣኝ!" ብላ ሳቀች። ሻይ ቤቱም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ደብረ ብርሃን ላይ ውድድር ሊደረግ መሆኑን የሰማን ጊዜ፣ እሷ ብርቱ ካርድ የላትም፤ እኔ ከዘንዶዎቼ በቀር ረብ ያለው ነገር የለኝም።

"ለምን አንቀናጅም?" አለች።

መቀናጆ የአገራችን ገበሬ ብልሃት ነው። ባለ አንድ በሬ የሆኑ ሁለት ሰዎች በሬዎቻቸውን ይጠምዱና አንድ ቀን የአንዱን፣ በማግስቱ የሌላውን ማሳ ያርሳሉ። የእኔ ሁለት ዘንዶ፣ የእሷ ሠላሳ ስምንት፣ አንድ ዴክ ሆነ። አንድ ቅዳሜ እኔ፣ አንድ ቅዳሜ እሷ ልንጫወትበት ተስማማን። ውድድሩ ለኅዳር ሃያ ስምንት ተቆረጠ። ዴኩ የሚመዘገበው በአንድ ሰው ስም ብቻ ነው፤ ቀኑን ብቆጥረው ተራው የእሷ ሆኖ አገኘሁት። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። በእኔ ዘንዶ አሸንፋ ስትመለስ፣ ከተማው በእልልታ ሲቀበላት ታየኝ። ቀናሁ፤ ሌላ ስም የለውም።

ከዚያ በፊት የነበረው ቅዳሜ የእኔ ነበር። ኅዳር ጽዮን ሆነና ሁሉም ንግሥ ወጣ፤ ሻይ ቤቱ ተዘጋ፤ አልተጫወትንም። ሰኞ መዝገብ ቤቷ ሄድኩ።

"በመቀናጆ ሕግ ተራ በዓል ላይ ቢውል አይቃጠልም" አልኳት። "የጽዮን ተራዬ ወደሚቀጥለው ቅዳሜ ተሻግሯል። ውድድሩ የእኔ ነው።"

የያዘችውን ፋይል ዘጋች። ለምን እንደመጣሁ ገብቷታል።

"ሕጉ ልክ ነው፤ አባቴም እንዲሁ ነው የሚያደርጉት" አለች። "ይሁን። ግን ተቀመጥና ካርዶቹን አንድ በአንድ ላሳይህ።"

"ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ" አልኩና ወጣሁ።

ደብረ ብርሃን አብራኝ መጣች። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ግጥሚያዎች ዘንዶዎቼ ጠራረጉልኝ። በሦስተኛው ዘንዶዎቹ አልወጡም፤ እጄ ላይ የተደረደሩት ከዘራ የያዙ ሽማግሌ በር ጠባቂዎች ናቸው። ጉልበታቸው አንድ። እሌኒ አራት አስገብታለች፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። እንደ ጭዳ እየወረወርኩ አስፈጀኋቸው። ተሸነፍኩ። አራተኛውንም ተሸነፍኩና ከውድድሩ ወጣሁ። እሌኒ ከጎን ቆማ ሁሉንም ታይ ነበር።

ካርዶቹን ስሰበስብ ዳኛው መጥቶ ዴኩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

"በዚህ ርካሽ ካርድ እንዲህ የተሰናኘ ዴክ አይቼ አላውቅም" አለ። "ማነው የሠራው?"

ተጫዋቾቹ ከበቡን። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ከጀርባዬ ቆመ።

"እኔ" አልኩ።

"ግሩም ነው! እስቲ ለጀማሪዎቹ ያስረዱልን፤ እነዚህን አራት ሽማግሌዎች ለምን አስገቧቸው?" ብሎ ማስታወሻውን አወጣ።

ዞሬ እሌኒን በዓይኔ ለመንኳት። ዳኛውም አተኩሮ አያት።

"እርስዎ ያውቃሉ እንዴ?"

"ዛሬ ተራው የእሱ ነው" አለች እሌኒ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች። "እሱን ይጠይቁት።"

ዳኛው እስክሪብቶውን እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ።