የእህቷ ምሳ

ሰው እንዲከሳ እየረዳሁ እንጀራ የምበላ ሴት ነኝ። ጉርድ ሾላ አካባቢ ባለ ሆስፒታል በሥነ ምግብ ባለሙያነት እሠራለሁ፤ ክብደታቸው ልክ ያለፈባቸውን ሰዎች ሐኪሞቹ ወደ እኔ ይልኳቸዋል። ብዙዎቹ ይዋሹኛል። አልፈርድባቸውም፤ የበሉትን አንድ ሳያስቀሩ መናገር ሰው ፊት ልብስ እንደማውለቅ ነው። ያቺን ሴትም መጀመሪያ እንደ ሌሎቹ ነበር ያየኋት።

ሲግናል ሰፈር ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። በዕድሜ ከእኔ ትንሽ ታንሳለች። ደም ግፊቷ አልወርድ፣ ጉልበቷም ደረጃ አላስወጣ ብሏት ነው የተላከችው። ቁርስ ሻይ በዳቦ፣ ምሳ ሽሮ ወይ ጎመን፣ ማታ ሾርባ እንደምትበላ ነገረችኝ። ይህን የሚበላ ሰው እንደዚያ አይወፍርም። ሐኪሟ የደም ምርመራ አዘዘላት፤ ምንም አልተገኘም። በየቀጠሮዋ ስትመዘን ግን ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

አንድ ቀን ትዕግስቴ አለቀና፣ «ሌላ የምትበይው አለ። አልቆጣሽም፣ ንገሪኝ» አልኳት።

«ሲስተር ሙች፣ እኔ የምበላውን በሙሉ ነግሬሻለሁ» አለች። ቀጥላም፣ እንደ ተራ ነገር፣ «የእህቴን ግን አልነገርኩሽም።»

«የእህትሽን ምን?»

«ምሳዋን። እሷ ሞታለች። ሳህኑ ግን ይቀርባል።»

እየቀለደች እንደሆነ ለማወቅ ፊቷን አየሁት። አልቀለደችም። እናቷን ባናግርላት እንደሚሰሙኝ ነግራኝ ለቅዳሜ ምሳ ጠራችኝ። ታካሚ ቤት ሄጄ አላውቅም ነበር፤ ያን ጊዜ ሄድኩ።

ክረምት ነው። ባጃጁ የካ ዳገቱ ሥር አወረደኝና የቀረውን በእግሬ ወጣሁት። ቀትር ሆኖ ሳለ ጉሙ ከእንጦጦ ወርዶ ባሕር ዛፉን ከወገቡ በላይ ውጦታል። የሰው ድምፅ ይሰማኛል፣ ሰው ግን አይታየኝም። ቤታቸው አካባቢው እርሻ ከነበረበት ዘመን የተረፈ የጭቃ ቤት ነው።

እናትየው ቀጠን ያሉ፣ ፊታቸው የተረጋጋ ሴት ናቸው። «ግቢ ልጄ፣ ዝናብ ሳይመታሽ» አሉኝ። ምንም የተለየ ነገር አላየሁባቸውም። ለእኔና ለልጃቸው ሽሮ በጎመን ቀረበልን። ጠረጴዛው ጫፍ፣ ሰው ባልተቀመጠበት ወንበር ፊት ደግሞ፣ በቅቤ የራሰ፣ ማር የፈሰሰበት ጨጨብሳ ሙሉ ሳህን ተቀመጠ።

ልጅቷ የራሷን ጨረሰች፤ ተነሥታ እጇን ታጠበች። ተመልሳ ግን ወደ ቦታዋ አልመጣችም። ጫፍ ላይ ባለው ወንበር ተቀመጠችና ማንኪያውን በግራ እጇ አነሣች። ሽሮውን በቀኟ ስትጎርስ አይቻታለሁ። የግራ እጇ ግን ዕድሜ ልኩን ማንኪያ ሲይዝ እንደኖረ እጅ ነበር የሚንቀሳቀሰው።

እናትየው ወንበራቸውን ወደ እሷ ሳቡ። እስካሁን በአማርኛ ሲያጫውቱን የነበሩት ሴት በኦሮምኛ መናገር ጀመሩ፤ ድምፃቸው ለሰለሰ። «ኛዹ፣ ኛዹ» ይሏታል፤ ብዪ፣ ብዪ። በየመሀሉ የግራ አንጓዋን በሁለት ጣታቸው ከበብ አድርገው ይለካሉ። ልጅቷ ትመልስላቸዋለች፤ በቀጭን፣ ትንፋሽ ባጠረው፣ አልጋ ላይ በከረመ ሰው ድምፅ። ያን ድምፅ እኔ ቢሮ ውስጥ አንድ ቀንም ሰምቼው አላውቅም። ልናገር የመጣሁትን አንዱንም ሳልናገር ተነሣሁ።

ዳገቱን እያወረደች ስትሸኘኝ የራሷ ድምፅ ተመልሶ ነበር።

«ታላቅ እህቴ ስትሞት አጥንቷ ብቻ ነበር የቀረው። እናቴ እስክትወፍርላት ነው የምታበላት። አንዴ እምቢ ብላት እሷም እህል አልቀምስም ብላ ልትሞትብኝ ነበር።»

«ግራ እጅሽስ?»

«እህቴ ግራኝ ነበረች» አለች። «እኔ እኮ አስቤ አላደረግኩትም፣ ሲስተር። አንድ ቀን እጄ ራሱ አነሣው።»

ሰኞ ሆስፒታል ውስጥ በአእምሮ ሕክምና የምትሠራ ባልደረባዬን አማከርኳት። «ሁለቱንም አምጫቸው» አለችኝ። ልጅቷ ግን፣ «እናቴን እብድ አላሰኝም» ብላ እምቢ አለች። ከዚያ አንድ ጠዋት፣ ሳልጠራቸው፣ እናትየው ልጃቸውን አስከትለው የቢሮዬን በር ከፍተው ገቡ።

«ሰው የምትመዝኚ አንቺ አይደለሽ? ትልቋን መዝኚልኝ» አሉ።

ልጅቷ ዓይኗን ከእኔ አሽሽታ ሚዛኑ ላይ ወጣች። ‹እማማ፣ ትልቋ ሞታለች› የሚለውን ቃል ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ስለማመደው ነበር የከረምኩት። አሮጊቷ ቁጥሩን አያዩም፤ የሚያዩት አፌን ነው።

«ድናለች ወይ?»

«ይበቃታል፣ እማማ» አልኩ። «ከዚህ በላይ ቢጨመርላት ይጎዳታል።»

ሚዛኑ ላይ ለቆመችው ልጅ እውነት ነበር። ስለ ማን እንደተናገርኩ ግን ዛሬም ድረስ ለይቼ አላውቀውም።

የልጃቸውን ግራ አንጓ ያዙ። ጣቶቻቸው ዙሪያውን ሊገናኙላቸው አልቻሉም።

«ከበቃትማ ትሂድ» አሉ በመጨረሻ። «እኔስ ሳትጠግብ እንዳትሄድብኝ ብዬ ነው።»

ሄደው በሩን ከፈቱና፣ እንግዳ እንደሚያሳልፍ ሰው ጎኑ ላይ ቆሙ። በኦሮምኛ አንድ ነገር አሉ። ኮሪደሩ ላይ ማንም አልነበረም። አንድ ሰው ወጥቶ እስኪርቅ ያህል ጠበቁና በሩን ዘግተው ተቀመጡ። ከዚያ በአማርኛ፣ የልጃቸው የግፊት ኪኒን ከምግብ በፊት ይሁን በኋላ ጠየቁኝ። ማዘዣውን አይቼ መለስኩላቸው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለተኛው ሳህን አልቀረበም። ልጅቷ ቀስ በቀስ ቀነሰች፤ ደም ግፊቷ ወረደ፣ ደረጃውንም ሳታርፍ መውጣት ቻለች። ሐኪሟ አመሰገነኝ። ምን አድርጌ እንደሆነ አልነገርኩትም።

በመጨረሻው ቀጠሮዋ መዝኛት፣ «እንኳን ደስ አለሽ» አልኳት። ከሚዛኑ ወርዳ ጫማዋን ሳታደርግ ቁጭ አለች።

«እናቴ ቀለላት» አለች። «እኔ ግን እህቴን አልተሰናበትኳትም፣ ሲስተር። በሩ ሲከፈት እኔ ሚዛኑ ላይ ነበርኩ።»

ተረኛው ታካሚ በሩን አንኳኳ። ትንሽ እንዲጠብቅ ነግሬው ወንበሬን ወደ እሷ አስጠጋሁ፤ ጫማዋን እስክታደርግ አብሬያት ተቀመጥኩ።