በረዶን ባና ያለበስኩ ዕለት

የረጠበ የበግ ጠጉር ሽታ በአፍንጫዬ ሽው ሲል፣ መንዝ ያለው ቤታችን ከነጭሱ ይመጣብኛል። ክረምት ሲገባ ከጠጉሩ የተሠራው ባና፣ ያ ወፍራም ብርድ ልብሳችን፣ የጉሙን ርጥበት እየጠጣ ይከብድና ቤቱ ሁሉ በግ በግ ይሸት ነበር። በዚያ ብርድ እኔና ታላቅ እህቴ ብዙነሽ የምንጣላው በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከምድጃው አጠገብ ባለችው መደብ። እኔ ያን ጊዜ ሁሉን አዋቂ ነበርኩ፤ እየደነቆርኩ የመጣሁት ከተማርኩ ወዲህ ነው።

ነሐሴ ላይ አንድ ቀን በረዶ ዘንቦ ደጁን ነጭ ሲያደርገው፣ «ባና እኮ ከውስጡ ሙቀት ያወጣል፤ በረዶ ቢጠቀለልበት ባንድ አፍታ ውሃ ይሆናል» አልኳት።

«እንወራረዳ! የተሸነፈ እስከ መስቀል በሩ ጋ ይቀመጣል» አለችኝ።

በሁለት የሸክላ ጣባ በረዶውን እኩል እኩል አፍሰን ገባን፤ እሷ የሷን እንዲሁ ክፍቱን ተወችው፣ እኔ ግን የኔን ባባቴ ባና ደራርቤ ጠቅልዬ፣ እንደ አራስ ልጅ አስተኝቼ፣ መደቧ ላይ ጉብ ብዬ ድሌን እጠብቅ ጀመር። አባባ ከደጅ ገብተው አዩኝና «ምነው ልጄ፣ በረዶው በረደው?» አሉኝ።

የብዙነሽ ጣባ ውሃ ብቻ ሲቀረው ባናውን ገለጥኩት፤ በረዶዬ እንዳለ ቁጭ ብሏል።

«ተነስ፣ በሩ ይጠራሃል!» አለች ብዙነሽ።

አባባ እንባቸው እስኪወርድ ከሳቁ በኋላ፣ «ባና ሙቀት አይወልድም፣ ያለውን ነው የሚያግድ። ላንተ ያንተኑ እንዳይወጣ ይይዝልሃል፤ ለበረዶው ደግሞ የቤቱ እንዳይገባበት ከለከለለት» አሉኝ።

እስከ መስቀል በሩ ጋ ከረምኩ። ትኩሱ ንፍሮ እጄ ላይ እያለ ሲበርድ እያየሁ፣ ተመልሶ በራሱ እንዲሞቅ ብጠብቅ ብጠብቅ አንድ ቀንም አልሞቀልኝም። መስቀል አልፎ የጥቅምት ውርጭ ሲመጣ ወደ መደቧ ተመለስኩ፣ ክርክሬን ግን ቀነስኩ።

ኋላ መሐል ሜዳ ከተማ የፊዚክስ መምህር ሆኜ፣ ሙቀት ከባዶ እንደማይፈጠር፣ ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው እንጂ በራሱ ወደ ኋላ እንደማይሄድ ሳስተምር፣ «መምህር፣ ማስረጃው ምንድን ነው?» የሚለኝ ተማሪ አይጠፋም ነበር። «ማስረጃውማ በሩ ጋ ተቀምጦ ይንቀጠቀጥ ነበር» እል ነበር።

ዛሬ የኤሌክትሪክ ምድጃ አለኝ፣ አጠገቡም የሚሻማኝ የለም። ያኔ ግን ስድስት ሆነን ባንድ ኩበት እሳት ቤቱ ይሞቅልን ነበር፤ ለካ እያንዳንዳችን ትንሽ ትንሽ ምድጃ ነበርን። ብዙነሽ ከነልጅ ልጆቿ ስትመጣ ታዲያ ምድጃዬን አጠፋዋለሁ። «ስስታም!» ትለኛለች፤ እኔ ግን ሞቆኝ ነው።