ዮርዳኒስ የሚወጣበት ማክሰኞ

ፓርቴና ከአውቶቡሱ ፊት ወንበር ላይ ማይክሮፎኑን ይዛ ትናገራለች፤ የምትለውን ግን የሚያውቀው አፏ እንጂ ልቧ አይደለም። ጳውሎስና ሲላስ ከተሰሎንቄ በሌሊት ወጥተው በዚሁ በኩል ወደ ቤርያ እንደሸሹ፣ የቤርያ ሰዎች ከተሰሎንቄዎቹ ይልቅ ልበ ሰፊ እንደነበሩ፣ እሷ ራሷ የቤርያ ልጅ ስለሆነች በዚህ ጉዳይ ላይ ምስክርነቷ ብዙም እንደማይታመን ተናገረች። ከዴንማርክ የመጡት አዛውንቶች ሳቁ። እዚህ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ይሳቃል። ሌላ ጊዜ የሚመጡት ኮሪያዎቹም ይስቃሉ፣ ብራዚሎቹም ይስቃሉ። ቀልዱ እሷን ማሳቅ ካቆመ ግን ዘመን ሆኖታል።

እግሯ አብጧል። ትናንት ቀኑን ሙሉ በፊልጵስዩስ ፍርስራሽ ውስጥ ከድንጋይ ድንጋይ ስትዘል ነው የዋለችው። ያ ሁሉ ሰው ወንዙ ዳር ተቀምጦ ሲዘምር እሷ ቆማ ነበር። አስጎብኚ ማለት ሁሉም ሲቀመጥ የሚቆም፣ ሁሉም ሲበላ ደግሞ መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ የሚጠየቅ ፍጡር ነው። ባሏ ዮርዳኒስ በሕይወት ሳለ ማታ ማታ እግሯን ጭኑ ላይ አድርጎ እያሸ፣ "ጳውሎስ እንኳ ሦስት ጊዜ ዞሮ አበቃ፤ አንቺ የሚበቃሽ መቼ ነው?" ይላት ነበር። አሁን የሚያሽላትም፣ የሚያሾፍባትም የለም።

ዛሬ ዮርዳኒስ ከመቃብር ይወጣል።

ቤርያ ላይ መሬቱ ጠባብ ነው፣ ሟቹ ብዙ። ሰው ሦስት ዓመት አፈር ውስጥ ይቆይና መቃብሩ ይከፈታል፤ አጥንቱ ተለቅሞ በቀይ ወይን ይታጠባል፣ በትንሽ ሣጥን ሆኖ አጽም ቤት ይገባል፣ ጉድጓዱም ለባለተራው ይለቀቃል። መጀመሪያ የሚወጣው ራስ ቅሉ ነው። እሱን በነጭ ጨርቅ ተቀብሎ የሚስመውና የሚያጥበው የቅርብ ሰው ነው። ፓርቴና ጨርቁን ራሷ ሰፍታዋለች። ወይኑንም ዮርዳኒስ ይወደው ከነበረው ገዝታ ቦርሳዋ ውስጥ አስቀምጣለች። ዛሬ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጭንቅላቱ ከአፈር ሲወጣ እጇ ላይ እንዲያርፍ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ይምጣ።

ምክንያቱም ሲሞት አጠገቡ አልነበረችም። ቆሮንቶስ ነበረች፣ ከሌሎች ምዕመናን ጋር። ደረቱን አሞት ሆስፒታል ተኝቶ በስልክ ስትጠይቀው፣ "ሳል ነው፤ ሰዎችሽን ጨርሺና ነይ" አላት። አመነችው። ወይም ማመኑ ቀለላት፤ ይህንን ራሷም ለይታ አታውቀውም። በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል ሞተ። እጁን ይዛ የነበረችው ታላቅ እህቱ ኪርያኪ ናት። በቀብሩ ቀን ያቺው ኪርያኪ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ፣ "ድሮ የሞቱትን ለቱሪስት ስታሳይ፣ ያልሞተው ሞተባት" አለች።

ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። የሚሳለሙት አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ዳቦ የሚገዙት ከአንድ ሱቅ ነው፤ ኪርያኪ ግን ከሩቅ ስታያት መንገድ ትሻገራለች። መጀመሪያ መጀመሪያ ፓርቴና ታለቅስ ነበር፤ ኋላ ኋላ እሷም ቀድማ መሻገር ጀመረች። ባለፈው ወር ስልኳ ጮኸና ስታነሳው ኪርያኪ ናት። "ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ይወጣል። ከመጣሽ መጣሽ" አለችና ዘጋችው።

ፓርቴና የሚተካት አስጎብኚ ፈለገች፤ በግንቦት ወር ማን ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል? ደግነቱ ዴንማርኮቹ በዚያው ማክሰኞ ቤርያ ይደርሳሉ። ስለዚህ እንዲህ አሰበች፦ ሦስት ሰዓት ላይ ጳውሎስ የሰበከበት ደረጃ ጋ ታደርሳቸዋለች፣ ግማሽ ሰዓት ታወራለች፣ ከዚያ የአገሩን ጣፋጭ ኬክ ብሉ ብላ ትለቃቸውና በታክሲ ወደ መቃብሩ ትወጣለች። ከምሳ በፊት ትመለሳለች፤ ማንም ሳያውቅ።

ሐሳቡ ደህና ነበር። መንገድ ላይ ነዳጅ ማደያው ጋ ቆመው ከተነሡ በኋላ ግን አንዲት አሮጊት የጆሮ ማዳመጫዋን እዚያ መጸዳጃ ቤት ረስታ መምጣቷ ታወቀ። አውቶቡሱ ተመለሰ። ማዳመጫው በዚያ አልተገኘም፤ ከብዙ ፍለጋ በኋላ የአሮጊቷ ኪስ ውስጥ ተገኘ። አዛውንቶቹ አጨበጨቡ፣ ፓስተራቸው ስለ ጠፋችው ድሪም አንድ ሁለት ቃል ተናገረ። ፓርቴና ሰዓቷን ደጋግማ አየች።

ጉዳዩን የሚያውቀው ሾፌሩ አርጊሪስ ብቻ ነው። አብረው ብዙ ዓመት ሠርተዋል። "አትጨነቂ ባክሽ" አላት በመስታወቱ እያያት፤ "ዮርዳኒስ እንደሆነ ጥሎሽ የትም አይሄድ።" ከአፉ ካመለጠው በኋላ ደነገጠና ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ። እሷ ግን አልተቀየመችውም። ዮርዳኒስ ራሱ ቢሆን የሚለው ይህንኑ ነበር።

ደረጃው ጋ ሲደርሱ ሦስት ሰዓት ተኩል አልፎ ነበር። የምትለውን በጥድፊያ ተናግራ ልትለቃቸው ስትል ፓስተር ኒልስ እጁን አነሣና "አንድ አጭር ቃል" አለ። የፓስተር አጭር ቃል ምን ያህል እንደሚረዝም ፓርቴና አሳምራ ታውቃለች። ሰውየው ጥሩ ሰው ነው፤ ቦርሳ የሚሸከምላት እሱ ብቻ ነበር። ለዚህች ደረጃ ደግሞ ዕድሜውን ሁሉ ሲዘጋጅ የኖረ ይመስላል። ስለ ቤርያ ሰዎች ጀመረ፣ ወደ አያቱ መጽሐፍ ቅዱስ ሄደ፣ ከዚያ ተመልሶ እንደገና ቤርያ ገባ። ፀሐይዋ በረታች። አዛውንቶቹ ባርኔጣቸውን እያራገቡ ያዳምጣሉ፤ አንዱ አንቀላፍቷል።

ፓርቴና ጥግ ላይ ቆማ ቦርሳዋን አቅፋለች። አስጎብኚ ሰዎቿን ጥላ አትሄድም፤ ሙያው የሚጀምረው ከዚህ ነው። ትኩሳት ይዟት ጥላ አልሄደችም። እግሯ ወለም ብሎም ጥላ አልሄደችም። ባሏ ደረቱን ሲያመው ጥላ አልሄደችም። የማታውቃቸውን ሰዎች ከማታውቀው መንደራቸው ተቀብላ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ስትነዳ ዕድሜዋ አለቀ፤ የዚህም ምስጋናው አንድ አልበም ፎቶግራፍ ነው። የከተማው ደወል አራት ሰዓትን ሲደውል እግሯ ራሱ ተነሣ። በተቀመጡት መሀል አልፋ ወደ ፓስተሩ ሄደች።

"ይቅርታ ፓስተር፤ መሄድ አለብኝ" አለችው በሹክሹክታ።

"አሞሽ ነው?"

"አይደለም። ባሌ ዛሬ ከመቃብር ይወጣል።"

ፓስተር ኒልስ ዕድሜውን ሁሉ ስለ ትንሣኤ የሰበከ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ወሬ በማክሰኞ ጠዋት ሲነገረው ግን የመጀመሪያው ነበር። አፉን ከፍቶ ቀረ። በሁለት ቃል አስረዳችው። ሰውየው መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገው፤ ፊቱ ቀላ።

"ታዲያ ከጠዋት ጀምሮ ለምን አልነገርሽኝም?"

ሂጂ፣ ሂጂ አላት፤ አርጊሪስ አለ፣ እኛም ሕፃናት አይደለንም አለ። ሦስት ዓመት ቂም ያስያዘባት፣ ሰዎቿን ጥሎ አለመሄድ፣ ለካ በአንድ ቃል የሚፈታ ኖሯል። ይህ ራሱ አናደዳት።

ታክሲ አልተገኘም፤ የገበያ ቀን ነው። ዳገቱን በእግሯ ተያያዘችው። የወይኑ ጠርሙስ በተራመደች ቁጥር ዳሌዋን ይመታታል፣ ጫማዋ ተረከዟን ልጦታል፤ ግማሽ ላይ ስትደርስ አወለቀችው። ሱቁ በር ላይ የተቀመጡ ሰዎች የዮርዳኒስን ሚስት በባዶ እግሯ ስትሮጥ አይተው እርስ በርስ ተያዩ። የፈለጉትን ይበሉ። "ድረሽ፣ ብቻ ድረሽ" እያለች ራሷን እየነዳች ሄደች።

መቃብሩ በር ላይ ቆፋሪው ሽማግሌ ሳቫስ ቧንቧው ጋ እጁን ይታጠባል። ሲያያት አዘነላት።

"አትሩጪ ልጄ" አለ።

"አወጣችሁት?"

"ከፈትኩት። ሥጋው አልፈረሰም። ሸፍኜ ተውኩት፤ መልሼ አፈር አለብሰዋለሁ፤ ሌላ ሦስት ዓመት ይተኛ።"

ፓርቴና የያዘችው ጫማ ከእጇ ወደቀ። ሳቫስ ጎንበስ ብሎ አነሣላትና፣ ነገሩ የአፈሩ መሆኑን፣ ይሄ በስተታች ያለው ረድፍ ሁሉ ሸክላማ ስለሆነ ውኃ እንደሚይዝ፣ በቅርቡ እንኳ ከዚሁ ረድፍ የሌላ ሟች መቃብር ከፍቶ እንደመለሰ አስረዳት። እሱ የሚለው እውነት ነው፤ ግን የሚሰማው የለም። የቅዱስ ሥጋ ሳይፈርስ ሲቀር ተአምር ይባላል፣ ጳጳሱ መጥቶ ያጥናል፣ እነ ፓርቴናም ቱሪስት ያሰልፉለታል። የጎረቤት ሥጋ ሳይፈርስ ሲቀር ግን ሐሜት ነው፤ አንድ ሰው ረግሞታል፣ ወይ አንድ ሰው ቂም ይዞ አስሮታል ይባላል። እስከ ማታ ቤርያ ሙሉ ማን እንዳሰረው ስትመራመር ትውላለች።

ኪርያኪ መቃብሩ አጠገብ ከሌላ ሰው እብነ በረድ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ቄሱ ፍትሐቱን ደግሞ ሄዷል። ጉድጓዱ ክፍት ነው፤ ታች አረንጓዴ ሸራ ተነጥፎበታል። ፓርቴና ከወዲያኛው ዳር ቆመችና ሸራውን አየችው። ያን ሁሉ ሮጣ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ያላደረገችውን አድርጋ፣ የምትስመውም የምታጥበውም ነገር የለም። ማልቀስ እንኳ አቃታት። ደክሟታል፤ ከዛሬ የመጣ ድካም አይደለም።

"በእኔ ነው" አለች ኪርያኪ፣ ቀና ሳትል። በሦስት ዓመት ውስጥ ፊት ለፊት የተናገረቻት የመጀመሪያ ቃል ነው። "ለእሱ ሻማ ባበራሁ ቁጥር አንቺን እየረገምኩ ነው ያበራሁት። እኔ ነኝ ያሰርኩት። ይቅር በይኝ።"

ፓርቴና ይህን ቃል ስንት ቀን አልማዋለች። በሕልሟ ሁልጊዜ የምትመልሰው ነገር ነበራት፣ የተሳለ መልስ። አሁን ዝም ብትል ብቻ ይበቃል፤ ጥፋቱ ሁሉ በኪርያኪ ላይ ያድራል፣ ከተማውም ያምናል። ግን እንዲህ ላለው ነገር ጉልበቱም የላትም።

"እትዬ፣ አፈሩ ነው" አለች። "ሸክላ ነው። ሳቫስ አሁን በሩ ላይ ነገረኝ።"

"አውቃለሁ። ለእኔም ሲከፍተው ነግሮኛል።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ የምነግርሽን በሌላ በምን ልጀምርልሽ?" አለች ኪርያኪና ቀና አለች። አርጅታለች። ፓርቴና መንገድ እየተሻገረች ስለኖረች ይህንን አላየችውም ነበር። "ያን ቀን ማታ ልጥራት አልኩት። ስልኩን አንሥቼ ነበር። እጄን ያዘና፣ ተያት፣ ሰዎቿን ጥላ ስትመጣ መንገድ ላይ ትሰበርብኛለች፣ ነገ ትደርሳለች አለ። እንደሚሞት አላወቀም። እኔ አውቅ ነበር፤ ሐኪሙ ነግሮኛል። ግን ዝም አልኩ። ለአንድ ቀን የእኔ ብቻ ይሁን አልኩ መሰለኝ። ከዚያ በለቅሶው ላይ ያልኩትን አልኩ።"

ፓርቴና ምን እንደተሰማት ወዲያው አላወቀችም። መጀመሪያ የመጣው ንዴት ነው፤ በጉድጓዱ ላይ ተሻግራ ይህችን አሮጊት ልትነቀንቃት ፈለገች። ቀጥሎ የመጣው ግን ሌላ ነው። ትሰበርብኛለች ብሏል። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ በመጨረሻዋ ሰዓት በሩን በሩን እያየ በእሷ አዝኖ የሞተ ይመስላት ነበር። ጉድጓዱን ዞራ ሄደችና ከኪርያኪ አጠገብ እብነ በረዱ ላይ ዘፍ አለች። ኪርያኪ ጠጋ አለችላት።

"ሌላስ ምን አለ?" አለች ፓርቴና።

ኪርያኪ እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠራርጋ መናገር ጀመረች። በፓርቴና ቦርሳ ውስጥ ስልኳ ይጮኻል፤ ምናልባት አርጊሪስ ነው። አንዳቸውም አላዩትም። ሽማግሌው ሳቫስ አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ መጣ፤ አፈሩን ልመልስ ወይ ብሎ ጠየቀ።

"ትንሽ ይቆዩን አባባ" አለች ፓርቴና፤ "ገና እያወራን ነው።"