የአባቴ ጆሮና አዲሱ ጌጅ

አባቴ የጭነት መኪናውን የሚነዳው በጆሮው ነው። የናፍጣ ሞተር ሲታመም ድምፁ ቀድሞ ይናገራል ባይ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ለብዙ ዘመን ነግሮታል። ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ጭነት የሚጠብቁ ሾፌሮች ሞተራቸው ባጉረመረመ ቁጥር «ጋሼ፣ እስቲ ይስሙልኝ» እያሉ ይጠሩት ነበር።

አሁን መጥራት ትተዋል። ባለፈው ክረምት ሞተሩ ግሎ ሲጮህ ሳይሰማው ቀርቶ የሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ ቴስታው፣ ተቃጠለ። ከዚያ ወዲህ «ደንቁረዋል፣ መሪውን ቢለቁ ይሻላል» ይላሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ እሱ ይህን አያውቅም። እኔ ግን ሰምቼ ደሜ ፈላ። አባቴን ከመሪው አውርዶ ቤት ማስቀመጥ ከነነፍሱ መቅበር ነው። ሞተሩ ዳግመኛ ከተቃጠለ ደግሞ ማሠሪያ አቅም የለንም።

የመኪናው የራሱ መለኪያ የሞተው እኔ ሳልወለድ ነው። ስለዚህ ሁለት ጌጅ ገዛሁ፣ አንዱ የሙቀት፣ ሌላው የዘይት ግፊት። ሥራዬ ቤት ለቤት መብራት መዘርጋት ስለሆነ ሽቦ አያስፈራኝም።

«አባዬ፣ ይህን ላስገባልህ።»

«ለእኔ? ሂጂ ለጀማሪ ሾፌር ስጪው!»

«ለመኪናዋ ነው፣ አንተን ማን አለህ?»

«እመቤቴን እንዳትነኪያት ብቻ» አለ፣ ዳሽቦርዱ ላይ የለጠፋትን የማርያም ሥዕል እያሳየኝ።

ድልድዩ ጋ ጭነት እየጠበቅን ጌጆቹን ከሥዕሏ ጎን ተከልኳቸው። ሽቦውን ወደ ሞተሩ አሳለፍኩ፤ ማሳውን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን ወደ መኪናው አካል የሚመልሰውን ሽቦ፣ ከዳሽቦርዱ ሥር ካለ ቡሎን ጋር አሰርኩት። ሞተሩ ሲነሳ የሙቀቱ መርፌ እስክስታ ጀመረ። መብራት ሳበራ ጭራሽ ቀዩ ላይ ወጣ።

«ሞተሩ ሳይሞቅ ጌጅሽ ጋለ!» ብሎ አባቴ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ሾፌሮቹም ተሰብስበው አጀቡት። በንዴት ካቻቢቴውን ልወረውረው ምንም አልቀረኝም።

ጥፋተኛውን ያገኘሁት ጎንበስ ብዬ ቡሎኑን በጥፍሬ ስነካው ነው። አባቴ በየእንቁጣጣሹ ዋዜማ መኪናውን አዲስ ልብስ አለብሳለሁ ብሎ ብሩሽ ያነሳል፤ እጁ የደረሰበትን ብረት ሁሉ፣ ቡሎን ሳይቀር፣ ቀለም ይቀባል። ማሳዬ የታሰረው በብረት ላይ ሳይሆን በስንት በዓል ቀለም ላይ ነበር! በቢላ ፋቅኩት። ሰማያዊው ሲለቅ አረንጓዴ፣ እሱ ሲለቅ ነጭ፣ በመጨረሻ ብረቱ አብለጨለጨ። መልሼ ሳስረው መርፌው ጸጥ ብሎ ቆመ። አባቴም ሳቁን አቆመ።

በማግስቱ ሥላሴ አካባቢ የአንድ ቤተሰብ ዕቃ ጭነን ወደ እንጦጦ ወጣን። ትንፍሽ ላልል ለራሴ ምዬ ጎኑ ተቀመጥኩ፤ እኔ ሁልጊዜ አብሬው አልሄድም፣ ራሱ ካላየው ምን ይረባዋል? ሽሮ ሜዳን አልፈን አቀበቱ ሲጠና ከሞተሩ በኩል ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ ሰማሁ። መርፌው መነሳት ጀመረ። አባቴ እንደ ልማዱ ጭንቅላቱን ወደ ሞተሩ ዘንበል አድርጎ ይነዳል። ምላሴን ነከስኩ። መርፌው ቀዩን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ዓይኑ ዳሽቦርዱ ላይ አረፈ። ወዲያው ጥግ ይዞ ቆመና ሞተሩን አጠፋ።

ማራገቢያውን የሚያዞረው ቺንጊያ ተተልትሎ ሊበጠስ ደርሶ ነበር።

«አልጮኸም እኮ» አለ ቀስ ብሎ።

«ጮኋል፣ አባዬ።»

የተተለተለውን ቺንጊያ በጣቱ ዳሰሰው። ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቀን መለዋወጫውን ቺንጊያ አስገባ፤ ዕቃውንም በሰላም አደረስን።

በነጋታው ጠዋት ድልድዩ ጋ ስንደርስ ሾፌሮቹን ጠርቶ አንድ በአንድ ጋቢና እያስገባ ጌጁን አሳያቸው። ለእነሱም ማን እንደሚገጥምላቸው ሲጠይቁት በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ። ከዚያ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ጆሮዬ ደክሟል» አለ። እኔን ከጎኑ አስቀምጦ መሪውን ያዘ። «መሪውን ግን አለቅም!» ብሎ ሞተሩን አስነሳ። እኔም መስኮቱን ዝቅ አድርጌ እልልታዬን አቀለጥኩት።