አንድ ኤል የጎደላት ጊታር

ከአገር የወጣሁበት ምሽት አባቴ አልመረቀኝም። ሌላው አባት ልጁን ሲሸኝ ጉልበቱን ያስማል፣ እንባውን ይጠርጋል፤ የኔው ግን "እስቲ ጊታሯን ወዲህ በላት" ነው ያለኝ። አውቶቡሱ ንጋት ላይ ይነሳል፤ ሻንጣዬ ተዘግቷል፤ እህቴ ሰናይት በርበሬውንና ዳቦ ቆሎውን ለየብቻ በፌስታል እየቋጠረች ታለቅሳለች። እሱ አምፖሉ ሥር ቁጭ ብሎ፣ አፍንጫው እንጨቱን እስኪነካ አጎንብሶ፣ በትንሿ ካቻቪቴው አንድ ነገር ያስራል። ብሎኗ ስንቴ ከጣቱ አምልጣ እኔና ሰናይት ወለሉን በእጃችን ስንዳብስ እንደቆየን አልነግራችሁም። ጨርሶ ቀና ሲያደርጋት የጊታሬ ራስ ላይ የናስ ማርክ ያበራል።

አባቴ ማኅተም ቀራጭ ነው። ነበር ልበል እንጂ። የሰፈራችን እድር፣ ቀበሌው፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ሁሉም ማኅተሙን ያስቀረጸው እሱ ዘንድ ነው። ፊደል ገልብጦ መጻፍ አቅንቶ ከመጻፍ ይቀለው ነበር። በኋላ ኮምፒዩተር መጣና ሥራውን ወሰደው፤ የዓይን ሞራ ደግሞ የቀረውን። ያቺ ማርክ የመጨረሻ ሥራው ናት፤ ከዚያ ወዲህ መቅረጫውን አላነሳም።

ሊድ ጊታሬ የቻይና ናት። ራሷ ላይ የነበረው ወረቀት በገዛኋት በሳምንቱ ረግፎ ስም አልባ ሆና ኖራለች። አባቴ ይህ ነገር እንቅልፍ ነስቶት ኖሯል፤ ለካ ለአንድ ጓደኛዬ ደውሎ "የጊታር ትልቁ ስም ማን ነው?" ብሎ ጠይቆታል። ጓደኛዬም "ዶርዌል" አለው። እሱ በስልክ የሰማትን ፊደል በፊደል እያሰላ ከናስ ላይ አወጣት። "በሰው አገር ስም የሌለው ዕቃ ይዘህ አትቆምም" አለኝ። እኔ ምን እላለሁ፤ እጁን ሳምኩት።

ሞያሌ ስንደርስ ነው ያየሁት። ማርኩ ላይ አንድ ኤል ጎድሏል። አውቶቡሱ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ጎረቤቴ የነበሩት ሴትዮ ስደቱ ከወዲሁ ጭንቅላቴን የነካው መስሏቸው ብርቱካን ላጡልኝ። ናይሮቢ ገብቼ ደወልኩ።

"አባባ፣ ዶርዌል እኮ በሁለት ኤል ነው የሚጻፈው።"

"ለምን?"

"ይጠብቃላ! እንግሊዝኛ ሲጠብቅ ሁለቴ ይጻፋል።"

"አንተ 'አለ' ብለህ ስትጽፍ 'ለ'ን ሁለቴ ትጽፋለህ?"

"አልጽፍም።"

"ታዲያ 'ተናገረ' ማለትህ ይሁን 'ይኖራል' ማለትህ ለአንባቢው ይጠፋዋል?"

"አይጠፋውም።"

"በቃ። እነሱ አንባቢያቸውን ስለማያምኑ ነው ሁለቴ የሚጽፉት። አንተ ስታነበው አጥብቀው" አለኝና ወደሚያስጨንቀው ነገር ገባ። "ብሎኖቹስ? መንገዱ እንዳያላላቸው። ማርኳ ጠብቋል?"

"ጠብቋል አባባ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ በደወልኩ ቁጥር ከ"ደህና ነህ" በፊት የሚጠይቀኝ ይህንን ነው።

ሌሎቻችሁ ድንበር ላይ ስለ ፓስፖርታችሁ ተጠይቃችሁ ይሆናል። እኔን የያዘኝ ማርኩ ነው። ከናይሮቢ በካምፓላ በኩል የመጣሁበት አውቶቡስ ደቡብ ሱዳን መግቢያ ላይ ቆሞ ዕቃ ሲፈተሽ፣ ቁመቱ እንደ ስልክ እንጨት የሆነ ሰውዬ ጊታሯን ከከረጢቷ አውጥቶ ማርኩን በአውራ ጣቱ ጠረገው።

"ኦርጅናል ነው?"

"ኦርጅናል ከሆነ ምን ይሆናል?" አልኩት።

"ውድ ዕቃ ነዋ፣ ይቀረጣል።"

"ኦርጅናል አይደለም።"

"እንግዲያው ፎርጅድ ነው። ፎርጅድ ይወረሳል።"

"ኧረ ፎርጅድም አይደለም!"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"የአባቴ ነው።"

ሰውዬው ማርኩን አነበበ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ማርኩን አነበበ። "ዶርዌል አባትህ ነው?"

ሦስት ቀን አልተኛሁም፤ ወገቤ የኔ አይደለም። "አዎ" አልኩት።

"ይህንን መጀመሪያ አትናገርም!" ብሎ ተቆጣኝና ወረቀቱ ላይ "የግል ዕቃ፣ ባለቤት ሚስተር ዶርዌል" ብሎ ጽፎ ማኅተም መታበት። ማኅተሙ ዳር ዳሩ ደብዝዞ ነበር። አባቴ ቢያየው ያፍርለት ነበር።

ጁባ እንዲህ ገባሁ። እኛ እኮ ጠዋት ግድግዳ ተደግፈን ፀሐይ የምንሞቅ ሰዎች ነን፤ እዚህ ፀሐይዋ ራሷ እየተከተለች ትሞቅሃለች። ከቤት ስትወጣ ታጥበህ ከሆነ፣ መንገዱን ሳትሻገር እንደገና ታጥበሃል። እንጀራ አለ፣ አታስቡ፤ ግን ጠዋት የወጣው ማታ ሆምጥጦ ይጠብቅሃል። የአገሩ ሰው ኪስራ ይበላል፤ ዓይን የሌላት ስስ እንጀራ በሏት። መጀመሪያ ቀን ወጥ ሲቀርብልኝ ዓይኗን ፍለጋ ገልብጫት ነበር። ሰላምታቸው ግን የኛን ያስንቃል፤ እጅህን ከጨበጡ የቤተሰብህን ሁሉ ጤና ጠይቀው ሳይጨርሱ አይለቁህም። በዚያ ሙቀት እጅ ለእጅ ተያይዞ ማላብ ወዳጅነት ነው።

ሥራ ያገኘሁት ኮሎሎ የሚባል ሰፈር፣ እትዬ ጥሩነሽ ሆቴል ነው። ሴትዮዋ ጁባ የገቡት ሆቴሉ ቆርቆሮ ሳለ ነው፤ ብሎኬቱን አንድ በአንድ አሳድገውታል። ያንን የድንበር ወረቀት ለሥራ ፈቃዴ ብለው ሲያነቡ ሳቃቸው ግቢውን ሞላው። ከዚያ ወዲያ አስተናጋጁም፣ ዘበኛውም፣ ኪቦርድ የሚጫወተው ባልደረባዬም ዶርዌል ነው የሚሉኝ። ደረጀ ብሎ የሚጠራኝ አባቴና ሰናይት ብቻ ሆኑ፣ እነሱም በስልክ።

መከራዬ የመጣው በአንድ ኸዋጃ ነው። ፈረንጁን እዚህ እንዲያ ነው የሚሉት። እሱም ጊታር ይጫወት ኖሮ፣ እረፍት ስናደርግ መድረኩ ድረስ መጥቶ አድናቆቱን ነገረኝ፣ እጄን ጨበጠኝ። ከዚያ ዓይኑ የጊታሯ ራስ ላይ አረፈ። ሳቁን ሊውጠው ሞክሮ አልቻለም። "ፎቶ ላንሳት?" አለኝ። እኔ ጅሉ ጊታሯን ቀና አድርጌ፣ ደረቴን ነፍቼ ቆምኩለት። በሦስተኛው ቀን ፎቶው ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው። "ኤሉን ማን በላው?" ይላል አንዱ። ሌላው ከሥሩ "የዚህ ሆቴል ዊስኪስ?" ብሎ ጽፏል።

እትዬ ጥሩነሽ ቢሯቸው አስጠሩኝ። "ደረጀ" አሉኝ። ነገሩ የከፋ መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው።

"አቤት እትዬ።"

"ዊስኪዬ ኦርጅናል መሆኑን ለማሳመን ስንት ዘመን ደክሜያለሁ። አሁን ሰው ጠርሙስ እያገላበጠ ኤል ይቆጥርልኛል።"

"እትዬ፣ አባቴ ነው እኮ በእጁ የሠራት።"

"አባትህን አከብራለሁ። ግን ቅዳሜ የትልቅ ሰው ሠርግ አለብኝ፣ ቪዲዮ ይቀረጻል። ወይ ማርኩ ይነሳል፣ ወይ ኪቦርዱ ብቻውን ይጫወታል። ፈቃድህም የሚታደሰው በዚሁ ወር ነው፤ ለማይጫወት ሰው ደብዳቤ አልጽፍም።"

"ፕላስተር ልለጥፍበት?"

"ፈነከቷት እንዲሉኝ?"

ደብዳቤው ከሌለ ፈቃድ የለም፤ ፈቃድ ከሌለ ጁባ የለችም፤ ወደ ቤት ደግሞ በባዶ እጅ አይገባም። ሌላ ኤል ልጨምርበት ብዬም አስቤያለሁ። አባቴ ግን ናሱን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል፤ ለአንድ ፀጉር የሚሆን ቦታ አልተወም። ሥራው እንዲያ ነበር፣ ቦታ አያባክንም።

የምኖረው ማላኪያ ሰፈር ነው፤ አከራዬ ዴንግ ይባላል። ጋምቤላ ያደገ ተመላሽ ነው፤ ግቢው ውስጥ ሞተር ሳይክልና ጄኔሬተር ይጠግናል። የቤቱ በር ላይ "ክሊኒክ" የሚል ጽሑፍ አለ። ታማሚ ሲመጣ "ሐኪሙ ከሄደ ቆየ፣ ቀለሙ ጥሩ ስለሆነ ነው ያልፋቅሁት" ብሎ ይመልሳል። ጊታሯን ይዤ ሄድኩና ነገሩን ሁሉ ነገርኩት።

"አንተ ሰውዬ፣ ለዚህ ነው ፊትህ የጠቆረው?" አለኝ። "ያንን ሞተሬን እየው። የተጻፈበት የጃፓን ነው፣ ሞተሩ የህንድ ነው፣ ጎማው የቻይና ነው፣ የሚነዳው ጋምቤላ ያደገ ዲንካ ነው። ማን ምን አለኝ? ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም!"

"አንተ ሠርግ ላይ ቪዲዮ አትቀረጽማ፤ ንቀልልኝ።"

ብሎኖቹን በባትሪ አያቸው፣ በጥፍሩ ቧጠጣቸው። "ዝገዋል። ላብህ ነው የበላቸው፤ ከእንጨቱ ጋር አንድ ሆነዋል። ካስገደድኩት እንጨቱ ይሰነጠቃል።" ከዚያ ጊታሯን ቀስ አድርጎ መለሰልኝ። "እሱም ባይሆን እኔ የሰው አባት እጅ ያለበትን አልነቅልም። ኸላስ፣ በቃ። መፍቻውን ውሰድ፣ ራስህ አድርገው።"

ራሴ አደረግሁት። ሐሙስ ከሰዓት በሬን ዘግቼ ተቀመጥኩ። መፍቻው ብሎኑን ላጠው እንጂ አላዞረውም። ቢላዋ በማርኩ ሥር አስገብቼ ቀና ሳደርገው፣ ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ስንጥቁ ከብሎኑ ቀዳዳ ተነስቶ እስከ መቃኛው ድረስ ሄዷል። ማርኩ በግራ በኩል ተነስቷል፣ በቀኝ በኩል አልነሳም ብሏል። ብገፋው ራሷ ይገነጠላል፤ ብመልሰው አይገባም። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል። ክሯን ሳጠብቅ ስንጥቁ ስለሚከፈት ቅኝቷ ይወርዳል፤ ወፍራሙን ክር ስመታ ማርኩ እንደ ዝንብ ዝዝዝ ይላል።

ዓርብ የደወለው አባቴ ነው።

"ደሬ፣ ማርኳ ጠብቋል?"

መልሴንም ሳይጠብቅ "እስቲ ምታልኝ" አለ። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ሁልጊዜ ምታልኝ ይላል። ስልኩን አልጋው ላይ አድርጌ፣ ወፍራሙን ክር እንዳልነካ እየተጠነቀቅሁ ጀመርኩ። ዜማው ግን ያለ እሱ አይሄድም፤ ነካሁት። ዝዝዝ አለ።

"ቆይ" አለኝ። "ላልቷል።"

"አዎ አባባ። ሙቀቱ ነው መሰለኝ" ብዬ ዋሸሁት። ቢላዋው እዚያው አጠገቤ ነበር።

"ሙቀቱ ነዋ። ጥፋቱ ያንተ አይደለም፤ ያኔም ብሎኑ አንሶብኝ ነበር። ይዘሃት ናልኝ። ባላይም በእጄ ዳብሼ አጠብቀዋለሁ። መቼ ትመጣለህ?"

ልነግረው ነበር። ቢላዋውን፣ ሠርጉን፣ ፈቃዱን፣ መምጣት ማለት ዳግም አለመመለስ ማለት መሆኑን፣ ሁሉንም። "አባባ" ብዬ አፌን ስከፍት መስመሩ ተቋረጠ። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ኔትወርኩ እንደልማዱ ወጥቶ ቀርቷል። መልእክት ብቻ አልፎ አልፎ ስለሚያልፍ ለሰናይት ጻፍኩላት። "መቼ እንደምመጣ አላውቅም በይው። ማርኩንም ምን እንደማደርገው ጠይቂልኝ።"

እስኪመሽ መልስ አልመጣም። እትዬ ጥሩነሽ ነገ በስንት ሰዓት መድረክ ላይ መገኘት እንዳለብኝ በአስተናጋጁ ልከውብኛል፤ ጊታሯ ከነስንጥቋ ጭኔ ላይ ናት። ስልኬ ጮኸች።

"ነገርኩት" ትላለች ሰናይት። "'ይጠብቃል በይው' አለኝ።"

ፊደላችን ሲጠብቅና ሲላላ አይለይም፤ እሷም ከዚህ ሌላ አልጻፈችም። አላልቼ ሳነበው ስለ ማርኩ ነው። አጥብቄ ሳነበው ስለ እሱ ነው። የቱን እንዳለ ልጠይቃት ጣቴን አንስቼ ተውኩት። አባቴ አንባቢውን ያምናል፤ እኔ ግን እስካሁን አንዴ አላልቼ አንዴ አጥብቄ አነበዋለሁ።