ዣንጥላውን የያዘው እጅ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሩት ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና «አባዬ፣ ከናሆም ጋር ጨርሻለሁ! ከማን ጋር ኬክ እየቆረሰ እንደሆነ እይ!» አለችኝ። ናሆም እጮኛዋ ነው። እኔ ግን ከፎቶው ይልቅ ፊቷን አየሁና ቦዲቲ ገበያ መሐል በአንድ ጫማ የቆምኩበት ቀን ትዝ አለኝ።

ያኔ አዲስ አበባ የፍልስፍና ተማሪ ነበርኩ። የትውልድ ከተማዬ ሶዶ ላይ ግማሹ ሰው ያበድኩ ይመስለው ነበር፤ ሌላው ግማሽ እርግጠኛ ነበር። መምህራችን ሁልጊዜ የሚሉት አንድ ነገር ነበራቸው፦ «ፍርዳችሁን በቅንፍ አስቀምጡት። አትመኑት፣ አትካዱትም፤ አቆዩት። ከዚያ የታያችሁን፣ እንደታያችሁ ብቻ ግለጹ።» እኔም ሽሮ ሲቀርብ «ቡናማ፣ የሚንተከተክ ነገር ይታየኛል» እያልኩ ጓደኞቼን በረሃብ ልጨርስ ደርሼ ነበር።

ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ለጊፋታ በዓል ወደ ሶዶ ስመጣ መንገድ ላይ ቦዲቲ ወረድኩ፤ የምወዳትን የቦዲቲዋን ልጅ አስቴርን አግቢኝ ልላት። ገበያው ዝንጅብል ዝንጅብል ይሸታል፤ የመስከረም ጭቃ እስከ ጉልበት ነው። ድንገት ዘፈን ሰማሁ። ሶፌ ነው፤ አዲስ ሙሽራ ፀጉሯን ቅቤ ተቀብታ፣ ታጅባ ገበያ የምትወጣበት ወግ። ቀና ስል ከጥቁር ዣንጥላ ሥር፣ ግንባሯ በቅቤ እያብረቀረቀ… አስቴር!

የልቤ ምት ዳሞታ ተራራ ላይ ሳይሰማ አልቀረም። የምሰድባትን ስድብም፣ የምመለስበትን አውቶቡስም መረጥኩ። ልሄድ ስል ግን ጭቃው አንድ ጫማዬን ዋጠው። መቼስ ቆሜያለሁ ብዬ ቅንፌን ከፈትኩ። ምን ይታየኛል? ቅቤ። የት? ግንባሯ ላይ ብቻ፤ ፀጉሯ ደረቅ ነው። ዣንጥላ። የያዘው ማን ነው? ራሷ አስቴር! ሙሽራ ደግሞ የራሷን ዣንጥላ መቼ ይዛ ታውቃለች? ይህን ስል፣ ራሷ በቅቤ የራሰ አጭር ልጅ ከአስቴር ትከሻ ጀርባ ብቅ አለች። የአክስቷ ልጅ ኖራለች ሙሽራዋ፤ አስቴር ግንባር ላይ ያለውም ከእሷ የተነካካ ቅቤ ነው።

«አንተ! ጫማህስ?» አለች አስቴር።

«አንቺ ያገባሽ መስሎኝ…»

«ሳትጠይቀኝ ማንን ላግባ?»

«ልጠይቅሽ ነበር የመጣሁት።»

«ታዲያ ቶሎ በላ፣ ክንዴ ዛለ!»

ይህን አስታውሼ ነው ባለፈው ቅዳሜ ሩትን «የታየሽን ብቻ ንገሪኝ» ያልኳት።

«ናሆም። ኬክ። ሴትዮ።»

«ክህደትስ የቱ ጋ ነው?»

ፎቶውን አሰፋች፣ አጠበበች። አላገኘችውም። «ልደውልለት?» አለች። ሴትዮዋ ማን እንደሆነች እኔም አላውቅም፤ ናሆም ጥፋተኛ ሆኖ ሊገኝም ይችላል። ቅንፍ ማንንም ነፃ አያወጣም፤ ለአንድ ጥያቄ የሚሆን ቦታ ነው የሚያተርፈው። ለእኔ ያች ቦታ ትዳር ሆናለች።

ስልኩ መጥራት ሲጀምር አስቴር ከጓዳ ጮኸች፦ «ፍልስፍናው አይደለም ሩትዬ፤ ያን ቀን አባትሽን ጭቃው ነው የያዘው!»

ይህንንም በቅንፍ አስቀምጬዋለሁ።