የዘጠነኛው ፎቅ ጥላ

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ከየካ አባዶ ተነሣሁ። ቦሌ በተሠራ አዲስ የመስታወት ፎቅ መግቢያ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ግጥም እንድጽፍ ተጠይቄ ነበር። ግጥም ማንም አላስተማረኝም፤ የትም አልታተምኩም። የመጀመሪያ ግድግዳዬ ነው። የሕንፃው አርክቴክት ብሩክ ፎቶ ሲልክልኝ፣ "ፎቶ አይቼ አልጽፍም፤ መጥቼ ልየው" አልኩት።

ሃያ ሁለት ሰፈር፣ ስምንት ሰዓት

መገናኛ ላይ ታክሲ ቀይሬ፣ በሦስት ሰው ወንበር አራት ሆነን ደረስን። ሁለት ሳምቡሳ በላሁና በእግሬ ወደ ቦሌ ወረድኩ።

ቦሌ፣ ዘጠኝ ሰዓት

ደመናው በፎቁ መስታወት ላይ ይሄዳል። ብሩክ በር ላይ ተቀበለኝ።

"እህ? አያስጽፍም?"

"ያስጽፋል" አልኩና አንዷን መስመር እዚያው ጻፍኩ።

ዘጠነኛው ፎቅ ስንወጣ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። መስኮቱ አይከፈትም። በምዕራብ በኩል መስታወቱ በሙሉ የወረቀትና የዘይት ካርቶን ተለጥፎበታል። ሰዓዳ የምትባል እዚያ ቢሮ የምትሠራ ሴት ብሩክን ስታይ ጮኸች።

"አርክቴክቱ መጣ! ዛሬስ ጃንጥላ ይዘህልን መጣህ?"

ብሩክ ወደ እኔ ዞረ። "ንድፉ ላይ በዚህ በኩል ከመስታወቱ ውጪ ጥላ የሚጥሉ ክንፎች ነበሩት። ባለቤቱ 'መስታወቴን ይሸፍኑብኛል' ብሎ አስወጣቸው።"

"ይኸው እኛ ሸፈንንለት" አለች ሰዓዳ።

ሁለተኛዋ መስመር እዚያ መጣች።

*ሰማይ ለብሶ ቆሞ ሲያብረቀርቅ ፎቁ፣*
*ከፀሐይ በካርቶን ሰዎች ተደበቁ።*

ብሩክ አነበበና ድምፁን ቀነሰ። "ሁለተኛዋን ተዪያት። የመጀመሪያዋ ትበቃለች።"

"ብቻዋን ከቆመች ውሸት ናት።"

"ባለቤቱ ይህን አይሰቅልም። ግድግዳው ይቀርብሻል።"

ለእናቴ፣ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርቼ ነው የመጣሁት።

"ይቅር" አልኩት።

ሰዓዳ ማርከር ዘረጋችልኝ። "ነይ እቴ፣ እኔ ግድግዳ የለኝም፤ ካርቶን ግን ሞልቶኛል።"

ሁለቱንም መስመር በትልልቁ ጻፍኩ። ከቢሮው በር ፊት ለፊት ስንለጥፈው ብሩክ መጥቶ አንዱን ጫፍ ያዘልን።

"እኔ አላየሁም" አለ፣ እንደያዘ።

የካ አባዶ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት

እናቴ "ሰቀሉልሽ?" አለችኝ። "ራሴ ሰቀልኩት" አልኳት።

ከእንግዲህ ስለ ሕንፃ የምጽፈው ገብቼበት፣ ልክ ሰው በሚያልበው ሰዓት ነው። ካርቶኑን ነገ ይገነጥሉት ይሆናል። ይገንጥሉት! መጀመሪያ ግን ያነቡታል።